ሐረር ጁገልን በአንድ ቀን፦ ከድሬዳዋ ተነስቶ ሳይበላሽ የሚመለስ ጉዞ

ሐረር ከድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ብትበልጥ ነው። ሚኒባስ በአንድ ሰዓት ገደማ ያደርሳል። ቅርብ ስለሆነች ነው ብዙ ሰው ሳይዘጋጅ የሚሄደው። ረፋድ ላይ ይነሳል፤ ምሳ ሰዓት ይደርሳል፤ ሙዚየሙ ተቆልፎ ያገኘዋል። ከዚያ ጅብ አያለሁ ብሎ ሲጠብቅ ይመሽበታል። መመለሻ መኪና ያጣል። ጁገል በግንብ የተከበበችው አሮጌዋ ሐረር ናት። "ጁገልን ዞርን፤ ምን እንዳየን ግን አላወቅንም" ያሉኝ ጓደኞቼ ብዙ ናቸው። የእኔም የመጀመሪያ ጉዞ የተበላሸው እንዲሁ ነው።

ችግሩ ከተማዋ ውስጥ የለም። ቅደም ተከተሉ ውስጥ ነው። ከታች ያለውን በተራ ተከተሉ። ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

1. መጀመሪያ የጅቡን ነገር ወስኑ

ይህን ከቤት ሳትወጡ ጨርሱት። የቀኑ ፕላን በሙሉ በዚህ ላይ ነው የሚንጠለጠለው።

ሰው የሚያበላቸው የሐረር ጅቦች የሚመገቡት ከጨለመ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ ይጀምራል። ወደ ድሬዳዋ የሚመለሰው ሚኒባስ ደግሞ ሲመሽ እየሳሳ ይሄዳል። ሁለቱን በአንድ ቀን ማስታረቅ ከባድ ነው። ምርጫችሁ ሦስት ነው፦

ሀ. ሐረር እደሩ። ጅብ ማየት የግድ ከሆነ የምመክረው ይህን ነው።

ለ. መኪና ኮንትራት ያዙ። ሹፌሩ ማታ እንደሚጠብቃችሁ፣ እስከ ስንት ሰዓት፣ በስንት ብር፣ ሁሉንም ጠዋት ተነጋገሩ። "እንግባባለን" የሚል ሹፌር ማታ 2 ሰዓት ላይ አይግባባም።

ሐ. ጅቡን ለሌላ ጊዜ ተዉት። በሚኒባስ የምትመለሱ ከሆነ መልሱ ይህ ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ወደ ድሬዳዋ የሚያወርደው የደንገጎ ቁልቁለት ጠመዝማዛ ነው፤ የጭነት መኪና ይበዛበታል፤ አንዳንዴ ጉም ይወርድበታል። ልጆች ይዛችሁ በሌሊት አትውረዱት።

2. ቀኑን ምረጡ

አርብን ዝለሉ። ወደ እኩለ ቀን ሰው ለጁምዓ ሶላት ይሄዳል፤ ሱቆች ይዘጋሉ፤ መስጊዶች ዙሪያ ያሉት መንገዶች በሰጋጆች ይሞላሉ። በዚያ መሃል ካሜራ አንጠልጥሎ መንገድ መፈለግ ለእናንተም ለእነሱም አይመችም። ሌላ ቀን ከሌላችሁ እስከ 5 ሰዓት ተኩል ዙሩና ሶላቱ እስኪያልቅ አንድ ቦታ ተቀመጡ።

በረመዳን መሄድ ይቻላል። ጁገል ውስጥ ግን ቀን ላይ ምግብ ቤት ማግኘት ያስቸግራል። በመንገድ ላይ ውሃ አትጠጡ፤ ገለል ብላችሁ ጠጡ።

ዝናብ ከጣለ የጁገል ድንጋይ ያንሸራትታል። ክረምት ላይ ከሄዳችሁ ጫማችሁን በደንብ አስቡበት።

3. ቦርሳችሁን አዘጋጁ

ትንሽ ያዙ። ጠባብ መንገድ ላይ ትልቅ ሻንጣ አያስኬድም።

መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ያዙ፤ መንገድ ላይ ፍተሻ አለ። የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖት በብዛት ዘርዝሩ። መግቢያ፣ ባጃጅ፣ ሻይ፣ ሳንቡሳ፣ ሁሉም በትንሽ ብር ነው የሚከፈለው። ባለ 200 ብር ይዛችሁ "ዝርዝር የለኝም" ስትባሉ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል።

ጃኬት ወይም ነጠላ ያዙ። ድሬዳዋ ቆላ ናት፤ ሐረር ግን 1,880 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በድሬ ሙቀት ለብሶ የወጣ ሰው ማታ ሐረር ላይ ይንቀጠቀጣል። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ። ሴቶች ሻሽ ወይም ሻርፕ ይኑራችሁ፤ ቀብርና መስጊድ አካባቢ ያስፈልጋል። ጫማችሁ ጠፍጣፋና በቀላሉ የሚወልቅ ይሁን፤ ደጋግማችሁ ታወልቁታላችሁ።

ውሃና ሶፍት አትርሱ። ጁገል ውስጥ መጸዳጃ ቤት ፍለጋ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ቁርስና ምሳ በምትበሉበት ቤት ተጠቀሙ።

4. በጊዜ ውጡ

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ሁኑ። "ሐረር! ሐረር! አንድ ሰው የቀረው!" የሚለውን ረዳት ሰምታችሁ ዝም ብላችሁ አትግቡ። መጀመሪያ ወደ ውስጥ እዩ። ባዶ ከሆነ አልፋችሁ ሊሞላ ወደተቃረበው ሂዱ። ታሪፉንም ከረዳቱ በፊት አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ጠይቁት።

መኪና የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ ፊት ተቀመጡ። ደንገጎ መታጠፊያው ብዙ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ፉልና ፈጢራ አትብሉ፤ ሻይና ዳቦ ይበቃል። ፈጢራው ሐረር ይጠብቃችኋል።

ከደንገጎ በኋላ ሐረማያ ይመጣል፤ ከዚያ አወዳይ። አወዳይ የጫት ገበያ ነው፤ መንገዱ የሚጨናነቀው እዚያ ነው። በመስኮት ስልክ አውጥታችሁ ሰው አታንሱ። ከአወዳይ በኋላ ብዙም አይቀራችሁም።

ችግር ቢገጥም፦ ፍተሻው ረዘመ እንበል። ተረጋጉ፤ መታወቂያ አሳዩ፤ ቦርሳ ክፈቱ። ፍተሻው በዋናነት የኮንትሮባንድ ነው። አዲስ ዕቃ ከነካርቶኑ ይዛችሁ ከሆነ ደረሰኙ አብሯችሁ ይሁን። ሰው "ይቺን ያዝልኝ" ብሎ የሚሰጣችሁን ፌስታል አትቀበሉ።

5. የበሮቹን ስም ለዩ

ብዙ ሰው የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው። ጁገልን የከበበው ግንብ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። እያንዳንዱ በር ግን በሐረሪ አንድ ስም፣ በአማርኛ ሌላ ስም አለው። ካርታችሁ አንዱን ይጽፋል፤ የባጃጁ ልጅ ሌላውን ይላል። ይህችን ስልካችሁ ላይ ጻፉ፦

አስማዲን በሪ፦ ሸዋ በር (ምዕራብ)
አሱም በሪ፦ ፈላና በር (ሰሜን)
አርጎብ በሪ፦ ኤረር በር (ምሥራቅ)
ሱቁጣጥ በሪ፦ ሰንጋ በር (ደቡብ ምሥራቅ)
በድሮ በሪ፦ ቡዳ በር (ደቡብ)

ስድስተኛው ሐረር በር ነው። በኋላ የተከፈተ ስለሆነ ሰፊ ነው፤ መኪና ያስገባል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ በዚህ ግቡ። ከእሱ የሚነሳው ዋና መንገድ ቀጥ ብሎ ፈረስ መጋላ አደባባይ ያደርሳችኋል። ከፈረስ መጋላ የተነሳ ሰው ካሰበው ቦታ አይጠፋውም።

ፈረስ መጋላ ስትደርሱ ቁሙ። ዙሪያውን አንዴ ቃኙ። የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን እዚህ ነው፤ የጨለንቆ ጦርነት መታሰቢያም እዚህ ነው። ምልክታችሁ ይሁኑ። ካፌ ገብታችሁ አሁን ቁርሳችሁን ብሉ።

6. አስጎብኚ ያዙ፤ ግን ተነጋግራችሁ

በራሳችሁ መዞር ይቻላል። ለአንድ ቀን ግን ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ብትይዙ ይሻላል። ጁገል ውስጥ 368 ጠባብ መንገዶች አሉ ይባላል፤ ቁጥሩን ቆጥራችሁ ባታረጋግጡትም ሁለት ሦስቴ ስትታጠፉ ታምኑታላችሁ።

መታወቂያውን እዩ። ከዚያ አራት ነገር በግልጽ ተስማሙ፦ ለስንት ሰዓት ነው? ዋጋው ለሰው ነው ወይስ ለቡድን? የመግቢያ ክፍያ በማን ነው? የሐረሪ ቤት ይጨምራል? አምስተኛውን እኔ ልጨምር፦ "ዕቃ መግዛት ስንፈልግ እንነግርሃለን፤ እስከዚያ ሱቅ አታስገባን" በሉት። በትህትና ስትሉት ማንም አይከፋም።

እግር በእግር እየተከተለ "ላሳያችሁ" የሚል ልጅ ካለ ዝም አትበሉት። "አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ሰው ይዘናል" በሉት። ዝም ካላችሁ መጨረሻ ላይ ሒሳብ ይጠይቃል፤ በእሱ ቤት ሲሠራ ውሏል።

7. እስከ 6 ሰዓት ሥራውን ጨርሱ

ከ6 እስከ 8 ሰዓት የምሳ ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ በርጫ አለ። ከሰዓት በኋላ ብዙ ሰው ለጫት ይቀመጣል፤ ከተማዋ ትቀዘቅዛለች፤ ሱቅ ይዘጋል። ስለዚህ የሚቆለፍ በር ያለውን ሁሉ ጠዋት እዩ። ግንቡና መንገዱ አይቆለፉም፤ ለከሰዓት አቆዩአቸው።

ሀ. ራምቦ ቤት። "የአርተር ራምቦ ሙዚየም" ብላችሁ ብትጠይቁ ሰው ያመነታል። "ራምቦ ቤት" በሉ። ቤቱ የሕንድ ነጋዴ ያሠራው ነው፤ ፈረንሳዊው ገጣሚ ራሱ በዚህ ቤት መኖሩ አጠራጣሪ ነው። እናንተ ቤቱን ለራሱ እዩት። ወደ ላይ ውጡ። ቀና ብላችሁ በሥዕል ያጌጠውን ጣሪያ ተመልከቱ። ባለ ቀለሙ የመስኮት መስታወት ጠዋት ፀሐይ ሲያገኝ ወለሉ ላይ ቀይና ሰማያዊ ይጥላል። የድሮዋን ሐረር ፎቶዎች ቀስ ብላችሁ እዩ፤ በኋላ መንገድ ላይ ስትወጡ የትኛው ቤት እንደቀረ የትኛው እንደፈረሰ ትለያላችሁ።

ለ. የራስ ተፈሪ ቤት። ቅርብ ነው። ይህም የሕንድ ነጋዴ ሥራ ነው፤ የእንጨት በረንዳውን ከውጭ እዩት። አሁን ሸሪፍ የከተማ ሙዚየም ነው። የእጅ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞች፣ ልብሶችና ጌጦች አሉት። ቢያንስ አንድ ሰዓት ስጡት። ፎቶ ማንሳት የሚቻልበትን መጀመሪያ ጠይቁ።

ሐ. መኪና ግርግር። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወርደው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው። ስሙ ከስፌት መኪናው ድምፅ የመጣ ነው። በግራም በቀኝም ሰፊዎች በየደጁ ተደርድረዋል፤ ፔዳሉ ግርግር ግርግር ይላል፤ ቀለም በቀለም የሆነ ጨርቅ ከጭንቅላታችሁ በላይ ተሰቅሏል። ጨርቅ ገዝታችሁ ለአንዱ ስጡት። ቀላል ቀሚስ ወይም ሽርጥ ከሆነ ዞራችሁ እስክትመለሱ ሊያደርስላችሁ ይችላል። ሂሳቡን ግማሽ አሁን፣ ግማሽ ስትረከቡ ክፈሉ። የሱቁን በር ፎቶ አንሱ፤ በኋላ ሁሉም ይመሳሰሉባችኋል።

መ. ጊድር መጋላ። ትልቁ ገበያ ነው። ሥጋ ተራው አጠገብ ስትደርሱ ወደ ሰማይ እዩ። ጭልፊቶች ይዞራሉ፤ ሥጋ ከሰው እጅ ሞጭልፈው ይሄዳሉ። ሳንቡሳችሁን እዚያ ቆማችሁ አትብሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ገበያ ላይ የተቀመጡ እናቶችን ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ። መጀመሪያ ሰላምታ ስጡ፤ ቢቻል ትንሽ ነገር ግዙ፤ ከዚያ ጠይቁ። እምቢ ካሉ ስልኩን ኪስ ክተቱ። ከሩቅ ሰርቃችሁ ብታነሱ ያዩአችኋል፤ ይቆጣሉ፤ እውነት አላቸው።

8. የሐረሪ ቤት አገባብ

ይህን ክፍል አትዝለሉ። ለእኔ የሐረር ልቧ ያለው እዚህ ነው። ከውጭ የምታዩት ግድግዳና ጠባብ በር ብቻ ነው፤ ውስጡ ሌላ ዓለም ነው። የቤት ባለቤቶች እንግዳ የሚቀበሉባቸው ቤቶች አሉ፤ አስጎብኚያችሁ አስቀድሞ ይደውል። ያልተጠራችሁበትን በር አትግፉ።

በሩ ላይ ሰላምታ ስጡና ጫማ አውልቁ። እንደገባችሁ ቀይ የተቀባ ወለልና ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች ታያላችሁ። ነደባ ይባላሉ። ሮጣችሁ አንዱ ላይ አትቀመጡ። እያንዳንዱ ቦታ የማን እንደሆነ የታወቀ ነው፤ አሚር ነደባ የሚባለው የቤቱ አባወራና የትልቅ ሰው መቀመጫ ነው። "እዚህ ተቀመጡ" እስክትባሉ ቁሙ።

ግድግዳው በስፌትና በሣህን የተሸፈነ ነው። አንዳንዱ ስፌት ከእናት ለልጅ የወረደ ነው። አታውርዱ፤ አትንኩ። መንካት ካማራችሁ የቤቱን እመቤት ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው አውርደው ያሳያሉ፤ እንዴት እንደሚሠራም ይነግሯችኋል። ሐሸራ ካቀረቡ ጠጡ፤ ከቡና ገለፈት የሚፈላ ነው።

ስትወጡ የተስማማችሁትን ክፈሉ። ለባለቤቷ በእጃቸው ስጡ፤ በአስጎብኚ በኩል አታስተላልፉ። ስፌት መግዛት ከፈለጋችሁ እዚሁ ግዙ።

ችግር ቢገጥም፦ ቤቱ ለቅሶ ወይም ሠርግ ላይ ነው እንበል። አትለምኑ። ወደ ሌላ ቤት ሂዱ፤ ካልተገኘ ለከሰዓት ቀጥሩ።

9. ከምሳ በኋላ ግንቡን ዙሩ

ምሳችሁን ብሉ፤ እግራችሁን አሳርፉ። 8 ሰዓት ተኩል ላይ የአሚር ኑርን ቀብር እዩ፤ ግንቡን ያሠሩት እሳቸው ናቸው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን። አረንጓዴ ነው፤ ሰው "አሚር ኑር" ሲባል ያሳያችኋል። ጫማ አውልቁ፤ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ።

ከዚያ ወደ ኤረር በር ውረዱና በበሩ ውጡ። ጉልበት ካላችሁ ግንቡን በግራ ይዛችሁ ወደ ፈላና በር ተጓዙ። ግንቡ ሥር ቀዳዳዎች ታያላችሁ። ማታ ጅብ የሚገባባቸው ናቸው። ከደከማችሁ ባጃጅ ያዙና "በውጭ በኩል" በሉት።

ከጠፋችሁ፦ አትደንግጡ። የስልክ ካርታ በጠባቡ መንገድ ውስጥ ይወላገዳል፤ አትመኑት። አንድ አቅጣጫ ይዛችሁ ሂዱ፤ ግንቡ ይገጥማችኋል። ግንቡን ከተከተላችሁ በር ታገኛላችሁ፤ በር ላይ ባጃጅ አለ። ሌላው መንገድ ትልቅ ሰው መጠየቅ ነው። "አባባ፣ ፈረስ መጋላ በየት ነው?" በሉ። ግማሽ መንገድ ሸኝተው የሚመልሱ አሉ።

10. ለማደር የወሰናችሁ፦ የጅቡ ምሽት

የሚመገቡበት ቦታ ከግንቡ ውጭ ነው፤ አንዱ በፈላና በር በኩል፣ ሌላው በሰንጋ በር በኩል። ባጃጅ በደርሶ መልስ ተነጋገሩ፤ ሂሳቡን ስትመለሱ ክፈሉ። ቀድማችሁ ከከፈላችሁ በጨለማ ትቀራላችሁ።

12 ሰዓት ተኩል ላይ ድረሱ። ጅቦቹን ለሚያበላው ሰው የምትከፍሉትን ከመጀመሩ በፊት ጠይቁ። ከእሱ ኋላ ሁኑ። ልጆችን በእጅ ያዙ። ጅቦቹን በስማቸው ይጠራል፤ ከጨለማው መጀመሪያ ዓይን ብቻ ይመጣል፤ ከዚያ ትከሻው ሰፊ፣ ወገቡ ዝቅ ያለ አውሬ እግሩ ሳይሰማ አጠገባችሁ ይቆማል። ሥጋውን በእንጨት ላይ አድርጎ ይሰጣችኋል። ያላችሁን ብቻ አድርጉ። በእጃችሁ አትስጡ። አትሩጡ። ብልጭ የሚል ፍላሽ ዓይናቸው ላይ አታብሩ። ፈርታችሁ ከሆነ ፊታችሁን ሳታዞሩ በቀስታ ወደ ባጃጁ አፈግፍጉ።

11. ለመመለስ የወሰናችሁ፦ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ጉዞ

10 ሰዓት ሳይሞላ መናኸሪያ ሁኑ። ልብሳችሁን ከሰፊው፣ የተቆላ ቡናችሁን ከቡና ቤቱ፣ ሐልዋችሁን ከሱቁ የምትሰበስቡት ከ9 እስከ 9 ተኩል ባለው ጊዜ ነው።

መኪና ካጣችሁ፦ ብቻችሁን አትደራደሩ። ወደ ድሬ የሚሄድ ሌላ ሰው ፈልጉና ኮንትራቱን ተካፈሉ። ከመሸ ግን እደሩ። ለአንድ አልጋ የምታወጡት ብር ከደንገጎ ሌሊት አይበልጥም።

በጊዜ ከደረሳችሁ አንድ ነገር ይቀራችኋል። ድሬ ላይ ከዚራ ውረዱ። የጅቡቲ የባቡር መስመር በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ በፈረንሳይ አሠራር የተቀየሰ ሰፈር ነው። ጁገልን በሚገባ ያየ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል፦ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ግራና ቀኙ ዛፍ ነው፤ ቤቱ በረንዳ አለው። ለገሃር ሂዱ። አሮጌውን ባቡር ጣቢያ እንጂ ከከተማ ውጭ ያለውን አዲሱን እንዳትሉ፤ የባጃጁ ልጅ "የቱ?" ካለ "አሮጌው" በሉት። ውስጥ ለመግባት ጥበቃውን ጠይቁ። ካልፈቀደ ከማዶ ቁሙ፤ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ስታርፍ ከውጭም ያምራል።